ስለ ኢጣልያ የጦር ወንጀል የታተሙት ሁለት ጥራዞችና የአራዳ ሙታን

የፍርድ ሚኒስቴር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1949 እና በ1950 በአዲስ አበባ ያሳተማቸው ሁለት ጥራዞች አሉ። የኢትዮጵያ መንግሥት ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀል ኮሚሲዮን ያቀረባቸውን ሰነዶች የያዙ ናቸው። የመጀመሪያው ጥራዝ የኢጣልያ ሹማምንት እርስ በርሳቸው የተላላኩትን ቴሌግራምና መመሪያ ይዟል። ሁለተኛው ደግሞ ምስክሮች በመሐላ የሰጡትን ቃልና ቀደም ብለው ታትመው የነበሩ ጽሑፎችን ይዟል። ስለ ጠላት ወረራ የሚጽፍ ሁሉ ከነዚህ ጥራዞች ይጠቅሳል፤ ራሳቸውን እንደ አንድ ሥራ ይዞ ምን እንዳከናወኑና ምን እንደ ጎደላቸው የሚመረምር ግን አይበዛም።

በዚህች ጽሑፍ ያሰብነው ይህንኑ ለመሞከር ነው። ጥያቄያችን አንድ ነው፤ ይኸውም በጦርነት ጊዜ መሣሪያ ያልያዘ ሰው ሲገደል፣ ገዳዩን በሕግ ለመጠየቅ ምን ዓይነት ማስረጃ ያስፈልጋል? እነዚህ ጥራዞችስ ያንን ማስረጃ ምን ያህል አሟልተዋል? የሚል ነው። ምሳሌ የምናደርገው በተለይ አራዳን ነው። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር እናደርጋለን፤ በአውሮፓ አቆጣጠር የሆነውን ግን በየቦታው እናመለክታለን።

ሀ. ነገሩ ምን ነበር?

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የኢጣልያው እንደራሴ ማርሻል ሮዶልፎ ግራዚያኒ የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ምክንያት አድርጎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድኾች ምጽዋት ያሰጥ ነበር። ስፍራው ዛሬ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ነው። በዚያ ሰዓት አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉ፤ ግራዚያኒም ቆሰለ። ምጽዋት ለመቀበል ተጠርተው በግቢው ከተሰበሰቡት ድኾች ብዙዎቹ እዚያው በጥይት አለቁ።

ከዚያ በኋላ በከተማው የሆነው ነገር ቦምቡን የጣለውን ሰው ከመፈለግ ጋር ግንኙነት አልነበረውም። የፋሺስት ፓርቲ የከተማው ኃላፊ ጊዶ ኮርቴዜ ለጥቁር ሸሚዝ ለባሾቹ እንደ ልባቸው እንዲያደርጉ ፈቃድ ሰጠ። ሦስት ቀን ሙሉ ወታደሩም፣ ሠራተኛውም፣ ሾፌሩም በየሰፈሩ ተሠማርቶ ያገኘውን ኢትዮጵያዊ በዱላ፣ በጩቤና በጥይት ገደለ። በሣር የተከደኑት ቤቶች ቤንዚን እየተርከፈከፈባቸው ከነሰዎቻቸው ተቃጠሉ። አራዳ በዚያን ጊዜ የከተማው ገበያ የነበረበት፣ ሰውና ቤት የተጨናነቀበት ሰፈር ነበር። የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ሳይቀር እሳት ተለኮሰበት። ይህን ካዩት አንዱ የኮሪየሬ ዴላ ሴራ ጋዜጣ ወኪል የነበረው ኢጣልያዊው ቺሮ ፖጃሊ ነው። ፖጃሊ ያየውን በግል ማስታወሻው ጻፈው እንጂ ለጋዜጣው አላወጣውም፤ ማስታወሻው መጽሐፍ ሆኖ የታተመው ከ34 ዓመት በኋላ በ1963 ዓ.ም. ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል። ኢጣልያኖች በ1928 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ጦርነቱ አልቋል፣ ኢትዮጵያም የኢጣልያ ግዛት ሆናለች ብለው አውጀው ነበር። በራሳቸው አዋጅ መሠረት እንኳ የአራዳ ሕዝብ ሊያስተዳድሩትና ሊጠብቁት የሚገባ ሕዝብ ነበር። በሌላ በኩል አርበኞች በየአውራጃው እየተዋጉ ስለ ነበር ጦርነቱ በእውነት አላለቀም፤ እንግዲያውስ ሰላማዊውን ሕዝብ የሚጠብቀው የጦርነት ሕግ ይሠራ ነበር ማለት ነው። ነገሩን በየትኛውም በኩል ቢይዙት ገዳዩ ከሕግ የሚያመልጥበት በር አልነበረም።

ለ. የጥራዞቹ ብርታት

የመጀመሪያው ጥራዝ ትልቅ ብርታት ወንጀለኛውን በራሱ ቃል ማስመስከሩ ነው። የተበደለ ሰው ሲናገር፣ ቂም አለበትና አጋኗል የሚል ተከራካሪ አይጠፋም። አዛዡ በራሱ ስም ለበታቹ የላከው ቴሌግራም ግን እንዲህ ያለ ክርክር አይነሣበትም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ከቴሌግራሞቹ ሁለቱን ብቻ እንመልከት። ግንቦት 28 ቀን 1928 ዓ.ም. ሙሶሊኒ የተማረኩ ዐመፀኞች ሁሉ እንዲረሸኑ አዘዘ። ሐምሌ 1 ቀን 1928 ዓ.ም. ደግሞ ከዚያ አልፎ፣ በዐመፀኞቹና ከነሱ ጋር ይተባበራል በሚባለው ሕዝብ ላይ የማሸበርና የማጥፋት ሥራ በሥርዓት ተጀምሮ እንዲካሄድ ለግራዚያኒ በድጋሚ ፈቀደ። የኋለኛው ቴሌግራም የተላከው ከየካቲት 12 ሰባት ወር አስቀድሞ ነው።

ይህ የቀን ቅደም ተከተል በፍርድ ፊት ትልቅ ዋጋ አለው። ስለ የካቲት 12 የሚሰጠው የተለመደ ማመካኛ፣ መሪያቸው የቆሰለባቸው ሰዎች በቍጣ ያደረጉት ነው የሚል ነው። ቴሌግራሙ ግን ቦምቡ ከመጣሉ ሰባት ወር በፊት ሰላማዊውን ሕዝብ ከተዋጊው ሳይለዩ ማጥፋት የተፈቀደ አሠራር እንደ ነበር ያሳያል። ቍጣው ምክንያት ሆኖ ይሆናል፤ ፈቃዱ ግን ቀድሞ ተሰጥቷል። ጥራዙን ያዘጋጁት ሰዎች ወረቀቶቹን በቀናቸው በማቅረባቸው ብቻ ይህን ክርክር ያለ ብዙ ሐተታ አሸንፈዋል ማለት ይቻላል።

የሁለተኛው ጥራዝ ብርታት ደግሞ ከትእዛዙ በታች ያለውን ሰው ማሳየቱ ነው። ምስክሮቹ ያዩትን በቀንና በቦታ ለይተው ይናገራሉ። ከነሱ አንዱ ወደ ሶማልያ ወደ ደናኔ የእስረኞች ሰፈር ከተጋዙት 6,500 ያህል ሰዎች 3,175ቱ በረኃብና በበሽታ እንደ ሞቱ አስልቶ አስመዝግቧል። ይህን የቈጠረው ራሱ እስረኛ የነበረ ሰው ነው። መዝገብ ሳይኖረው፣ ወረቀት እንኳ ማግኘት በሚያስቸግርበት ስፍራ፣ የጓደኞቹን ሞት በልቡ ሲቈጥር የነበረ ሰው የሰጠው ምስክርነት ከብዙ ሐተታ ይበልጣል።

ሐ. የጥራዞቹ ጉድለት

ምስጋናውን ከሰጠን በኋላ ጉድለቱንም መናገር ይገባናል።

አንደኛው ጉድለት የቋንቋ ነው። ቃላቸውን ከሰጡት ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያን ሲሆኑ ጥራዞቹ የታተሙት በእንግሊዝኛ ነው። በእርግጥ አንባቢ ተብሎ የታሰበው በሎንዶን የተቀመጠው ኮሚሲዮን ነበርና ምክንያቱ ይገባናል። ይሁን እንጂ ምስክርነት ሁለት አድራሻ አለው፤ አንዱ ዳኛው ነው፣ ሌላው ጉዳቱ የደረሰበት ሕዝብ ነው። ዳኛው ሳይሰማ በቀረ ጊዜ ሕዝቡ ሊሰማው ይገባ ነበር። ከዓይን ምስክሮቹ አንዱ የነበረው ደራሲው ተመስገን ገብሬ በአማርኛ የጻፈው ግለ ታሪክ፣ «ሕይወቴ»፣ ለአንባቢ የደረሰው ደራሲው ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ በ2001 ዓ.ም. ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የተከሳሾቹ ምርጫ ነው። ለኮሚሲዮኑ የቀረቡት ስሞች 10 ናቸው። ከነሱ መካከል ማርሻል ባዶሊዮ፣ ማርሻል ግራዚያኒ፣ የቅኝ ግዛት ሚኒስትር የነበረው ሌሶና፣ ጄኔራል ናዚ፣ ጄኔራል ፒርዚዮ ቢሮሊና ጊዶ ኮርቴዜ ይገኛሉ። ጊዜ በጠበበ ጊዜ ራስ ራሱን መያዝ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከኮርቴዜ በቀር ከነዚህ ሰዎች መካከል በአራዳ መንገድ ላይ ከሆነው ነገር ጋር በቅርብ የሚገናኝ የለም ማለት ይቻላል። ቤንዚኑን ያመጣው፣ በሩን ከውጭ የዘጋው፣ ክብሪቱን የጫረው ሰው በክሱ ውስጥ አይታይም። ከነዚያ ብዙዎቹ ደግሞ የከተማው ነዋሪዎች፣ በሱቅና በጋራዥ ሥራ የሚታወቁ ሰዎች ነበሩ።

ከአሥሩ ስሞች አንዱ ለእኛ ለተማሪዎች የተለየ ትርጕም አለው፤ ይኸውም የኤንሪኮ ቼሩሊ ስም ነው። ቼሩሊ ስለ ኢትዮጵያ ሥነ ጽሑፍና ታሪክ የጻፋቸውን መጻሕፍት ሳይጠቅስ ጥናት የሚጽፍ ተማሪ የለም፤ በወረራው ዘመን ግን ከፍተኛ የአስተዳደር ሹም ነበረ። መከሰስ ጥፋተኛ መሆን አይደለም። ቼሩሊ ዕድሜ ልኩን በዚህ ነገር በፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ አልተጠየቀም፤ ስለዚህም አልተፈረደበትም፣ ነፃም አልወጣም። ፍርድ ሲቀር የሚጐዳው ተበዳዩ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ማየት ይቻላል። ተከሳሹም ስሙን የሚያጠራበት አደባባይ ያጣል፤ አንባቢውም መጽሐፉን በየትኛው ዓይን ማንበብ እንዳለበት ሳያውቅ ይኖራል።

ሦስተኛውና ትልቁ ጉድለት የሙታኑ ስም ነው። የኢትዮጵያ መንግሥት ከጦርነቱ በኋላ ባቀረበው መግለጫ በየካቲት 1929 ዓ.ም. የተገደሉት 30,000 ናቸው ብሏል። በኢጣልያ በኩል የሚነገረው ከጥቂት መቶዎች እስከ ጥቂት ሺህ ነው። ኢያን ካምቤል በ2009 ዓ.ም. ገደማ ስለዚሁ እልቂት ባሳተመው መጽሐፍ ምስክርነቱን ሁሉ አመዛዝኖ 19,000 ያህል ነው ብሏል። እኛ እዚህ የምንከራከረው ቍጥሩ ይነሣ ወይም ይብዛ ብለን አይደለም፤ 19,000 ሰው የገደለ 30,000 ከገደለው የሚሻልበት ሚዛን የለም። የምንለው፣ የስም መዝገብ የሌለው ቍጥር ማንም እንደ ፈቀደ ሊቀንሰው የሚችል ቍጥር ነው። አንድ ሺህ ሰው በስሙ፣ በአባቱ ስም፣ በሰፈሩና በሥራው ቢመዘገብ ኖሮ ያንን አንድ ሺህ ሊክድ የሚችል አይገኝም ነበር።

ይህ ሥራ የማይቻል አለመሆኑን ደብረ ሊባኖስ ታሳያለች። በግንቦት 1929 ዓ.ም. በገዳሙ ስለ ተገደሉት ግራዚያኒ ወደ ሮማ ያስተላለፈው ቍጥር በጠቅላላው 449 ነበር። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን ከግማሽ ምእተ ዓመት በኋላ በየስፍራው ሄደው፣ አረጋውያንን ጠይቀው ባደረጉት ምርመራ የሟቾቹ ቍጥር ከ1,400 በላይ፣ ምናልባትም እስከ 2,000 እንደሚደርስ አሳይተዋል። እንግዲህ የአዛዡ ቴሌግራም ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ይነግረናል፤ የሞተው ማን እንደ ሆነና ስንት እንደ ሆነ ግን አይነግረንም። ያንን የሚያውቀው የሟቹ ጎረቤት ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። በነዚህ ጥራዞች ግን የወጋው ሰው ስሙም ቃሉም በጽሑፍ ቀርቶ፣ የተወጋው ስም ጠፍቶ እናገኘዋለን።

መ. ፍርዱ ለምን ቀረ?

ጥራዞቹ ያለባቸው ጉድለት ግን ለፍርዱ መቅረት ምክንያት አልነበረም። ኮሚሲዮኑ በጥቅምት 1936 ዓ.ም. በሎንዶን ሲቋቋም ኢትዮጵያ በአባልነት አልተጠራችም። ኢትዮጵያ ክሷን ልታቀርብ በተነሣች ጊዜም፣ ኮሚሲዮኑ የሚመለከተው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1939 የተጀመረውን ጦርነት ነው የሚል መከራከሪያ በተለይ ከእንግሊዝ በኩል ቀረበ። የመጀመሪያው ተወራሪ አገር፣ ቀድሞ በመወረሩ ምክንያት ከሕጉ ውጭ ሊቀር ሆነ ማለት ነው። ደግሞም ባዶሊዮ ሙሶሊኒ ከወደቀ በኋላ የኢጣልያ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኖ ከባለ ድሎቹ ጋር ስለ ተስማማ፣ እርሱን ለፍርድ ማቅረብ ለብዙ መንግሥታት የሚመች ነገር አልነበረም።

ኢትዮጵያ ግን ስለ ቀኑ የተነሣውን ክርክር በሕግ አሸንፋ ነበር። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. በፓሪስ ከኢጣልያ ጋር በተፈረመው የሰላም ውል፣ አንቀጽ 38፣ ኢጣልያና ዜጎቿ በኢትዮጵያ ላይ ለፈጸሙት ሥራ የሚጠየቁት ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ማለት ወረራው ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ መሆኑ ተጻፈ። ኮሚሲዮኑም የካቲት 25 ቀን 1940 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ክስ መርምሮ ለመነሻ የሚበቃ ማስረጃ አለው ሲል ተቀበለ። ነገር ግን ኮሚሲዮኑ በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ተዘጋ። ክሱ ተቀባይነት ያገኘው በሩ ሊዘጋ አንድ ወር በማይሞላ ጊዜ ነበር። ኢትዮጵያ ከዚያ በኋላ ባዶሊዮንና ግራዚያኒን ለመረከብ ያደረገችው ሙከራም ፍሬ አላገኘም።

ይህንን የሰላም ውል በአንቀጽ በአንቀጽ ለያይቶ ማየት ትምህርት ይሰጣል። አንቀጽ 74 ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ያዛል፤ ይህ በኋላ በተደረገ ስምምነት ወደ ቆቃ ግድብ ሥራ ተለውጦ ተፈጸመ፣ ግድቡም በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ። አንቀጽ 37 ከኢትዮጵያ የተወሰዱ ቅርሶች እንዲመለሱ ያዛል፤ ውሉ የሰጠው ጊዜ 18 ወር ሲሆን የአክሱም ሐውልት በ1997 ዓ.ም. ተመለሰ። አንቀጽ 45 በጦር ወንጀል የሚከሰሱ ሰዎች ተይዘው ለፍርድ እንዲሰጡ ያዛል፤ በዚህ አንቀጽ ለኢትዮጵያ የተሰጠ አንድም ሰው የለም። ገንዘቡ ተከፈለ፣ ድንጋዩም ዘግይቶ ተመለሰ፣ የሰው ነፍስ ያጠፋው ግን ሳይጠየቅ ቀረ። ግራዚያኒ ሚያዝያ 24 ቀን 1942 ዓ.ም. በገዛ አገሩ 19 ዓመት ሲፈረድበት ጥፋቱ የተባለው ከጀርመኖች ጋር መተባበሩ ነበር፤ ስለ አራዳና ስለ ደብረ ሊባኖስ አልተጠየቀም። ከተፈረደበትም በኋላ ጥቂት ወር ብቻ ቈይቶ ተለቀቀ። በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባለው የኢጣልያ ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት።

በእኛም በኩል የነበረውን ነገር ሳንመረምር ማለፍ አይገባም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አዘዙ። ይህ ትእዛዝ በከተማው የነበሩትን ኢጣልያውያን ሴቶችና ሕፃናት ከበቀል ያዳነ በመሆኑ፣ ሰላማዊ ሰውን በጦርነት መጠበቅ ማለት ምን እንደ ሆነ ያሳየ ሥራ ነው። ነገር ግን በቀልን መከልከልና ፍርድን መተው ሁለት ነገር ናቸው። በቀል የሚከለከለው ፍርድ ይመጣል ተብሎ ነው። ከዚያ በኋላ የኤርትራ ነገር በተባበሩት መንግሥታት ሸንጎ ይታይ ስለ ነበርና የታላላቆቹ መንግሥታት ድጋፍ ያስፈልግ ስለ ነበር፣ የሙታኑ ክስ ከጊዜው ጉዳይ በታች ተቀመጠ። መንግሥት ይህን ሲያደርግ ጥቅም አይቶ ይሆናል፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ምክር ያልተጠየቁት የሟች ቤተ ሰቦች ናቸው።

ሠ. ለእኛ የቀረው ሥራ

ዛሬ ይህን ነገር የምናነሣው ያለፈውን ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ባወጣችው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ በአንቀጽ 282፣ በጦርነት ጊዜ በሰላማዊ ሕዝብ ላይ የሚፈጸም ወንጀልን ደንግጋለች፤ የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 270 ይህንኑ ይዟል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 28 በሰው ልጅ ላይ የሚፈጸም ወንጀል በይርጋ እንደማይታገድ ይናገራል። በሰሜኑ የአገራችን ክፍል በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት ከቆመ በኋላ፣ በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲ ጸድቋል። በዚህ ጊዜ የጐደለን ሕግ አይደለም። የዛሬው ገዳይና ተገዳይ የአንድ አገር ልጆች መሆናቸው ነገሩን ከ1929ኙ የባሰ ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም።

ከሁለቱ ጥራዞች የምንማረው እንግዲህ ይህ ነው። ትእዛዙ ሳይጠፋ መያዝ አለበት፤ ምክንያቱም ያለ ትእዛዙ ወረቀት ጥፋቱ ሁሉ በተራው ወታደር ላይ ይወድቃል። የሟቹ ስም በየቀበሌው መመዝገብ አለበት፤ ምክንያቱም ያለ ስሙ ክሱ በቍጥር ክርክር ይሟሟል። ምስክሩ ቃሉን በሰጠበት ቋንቋ ሊያነበው ይገባል። ይህም ሁሉ ፍርድ ቤቱ እስኪቋቋም ሳይጠበቅ መጀመር አለበት፤ የ1940 ዓ.ም. ታሪክ የሚያስተምረን የፍርድ በር ለጥቂት ጊዜ ተከፍቶ ሊዘጋ እንደሚችል ነው።

ስለ አራዳ ግን የቀረን ጊዜ እጅግ አጭር ነው። በ1929 ዓ.ም. ነፍስ ያወቀ ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ከዘጠና ዓመት በላይ ነው። ሰፈሩም ራሱ እየተለወጠ ነው። ኢጣልያኖች ገበያውን ከአራዳ ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደምንለው ስፍራ አዛወሩት፤ ለቀድሞው ስፍራ የሰጡት ፒያሳ የሚለው ስም እስካሁን በአፋችን አለ። በ2016 ዓ.ም. በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ ብዙ የፒያሳ ሰፈሮች ለመንገድና ለልማት ሥራ ፈርሰው ነዋሪዎቹ ወደ ልዩ ልዩ የከተማው ዳርቻ ሄዱ። የከተማን መታደስ አንቃወምም። ነገር ግን የአንድ ሰፈር ሰው ሲበተን፣ እዚህ ቤት እገሌ ተቃጠለ፣ እዚያ ደጃፍ እገሌ ወደቀ እያለ ከአያቱ የሰማውን የሚናገር ጎረቤትም አብሮ ይበተናል።

ስለዚህ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። የታሪክ፣ የሕግና የቋንቋ ተማሪዎች ተባብረን ከአራዳ ሰፈሮች የመጡትን ቤተ ሰቦች እየፈለግን፣ በየካቲት 1929 ዓ.ም. የተገደለባቸውን ሰው ስም፣ የአባት ስም፣ ሥራና የወደቀበትን ቦታ እንመዝግብ። የቅዱስ ጊዮርጊስን ደብርና የሌሎቹን አድባራት አገልጋዮች፣ የየእድሩን ሽማግሌዎች እንጠይቅ። የሰማነውን ካየነው፣ የተረጋገጠውን ከሚጠረጠረው ለይተን እንጻፍ። በስድስት ኪሎ የቆመው የሰማዕታት ሐውልት የሁሉንም ሞት በአንድነት ያስታውሳል፤ መዝገቡ ደግሞ እያንዳንዳቸውን በየስማቸው ይጠራቸዋል።

ግራዚያኒ፣ ባዶሊዮና ኮርቴዜ ከእንግዲህ በምድር ዳኛ ፊት አይቀርቡም። የፍርድ ሚኒስቴር ሁለት ጥራዞችን አዘጋጅቶ የበኩሉን አድርጓል፤ ሦስተኛው ጥራዝ፣ የሙታኑ ስም ያለበት፣ ገና አልተጻፈም። እርሱን ለመጻፍ የማንም መንግሥት ፈቃድ፣ የማንም ኮሚሲዮን መከፈት አያስፈልገንም። የሚያስፈልገን ደብተር፣ እርሳስና ጥቂት የክረምት ዕረፍት ነው፤ እነዚህም በእጃችን ያሉ ናቸው።